ብሮንዝ፣ ሲልቨር ወይስ ጎልድ? ለ2026 የጤና ኢንሹራንስ ከመመዝገብዎ በፊት

ኖቬምበር ሲቃረብ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሳይቀር አንድ ጥያቄ ይዞራል። «አንተ ስንት ትከፍላለህ?» አንዱ «ዜሮ» ይላል፣ ሌላው «አራት መቶ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «እኔማ ትቼዋለሁ»። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ መልስ ግን ለሌላው አይሠራም። ዋጋውን የሚወስኑት ገቢ፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነትና ዚፕ ኮድ ናቸው። ጓደኛዎ በዜሮ ያገኘው ፕላን ለእርስዎ የዓመቱ ውዱ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ኢንሹራንስ ለማያገኝ ሰው ነው፦ ኡበር ለሚነዳ፣ ሆም ኬር ለሚሠራ፣ የራሱ ሱቅ ላለው። ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም የፕላኖቹ ደረጃ ስም ናቸው፤ ኢንሹራንሱ ከሕክምናው ወጪ የሚሸፍነው ድርሻ ከደረጃ ደረጃ ይለያያል። የትኛው ኩባንያ ይሻላል የሚለውን አልነካም። ኩባንያው ከግዛት ግዛት፣ አንዳንዴም ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፤ አመራረጡ ግን የትም አንድ ነው።

ቀኖቹ፣ እና ለ2026 የተለወጠው

ለ2026 ሽፋን ምዝገባው ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ይከፈታል። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በሚባለው የፌዴራሉ ማርኬትፕሌስ (ግለሰብ ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ድረ ገጽ) የሚመዘገቡ እንደ ቴክሳስና ኦሃዮ ያሉ ግዛቶች እስከ ጃንዋሪ 15 ክፍት ናቸው፤ ሜሪላንድም እንዲሁ። ዲሲና ካሊፎርኒያ እስከ ጃንዋሪ 31 ይቆያሉ። በሄልዝኬር ዶት ጎቭ የሚመዘገብ ሰው ሽፋኑ ከጃንዋሪ 1 እንዲጀምርለት ከፈለገ ግን እስከ ዲሴምበር 15 መጨረስ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ከፌብሩዋሪ ነው የሚጀምርለት። ለ2027 ደግሞ ጊዜው ያጥራል፤ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በዲሴምበር 15 ይዘጋል። ከእነዚህ ቀኖች ውጭ መግባት የሚቻለው ሥራ ላይ የነበረ ኢንሹራንስ ሲቋረጥ፣ ሲያገቡ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲቀይሩና በመሳሰሉት ነው፤ ለዚያም በአብዛኛው የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነው።

ትልቁ ለውጥ ገንዘቡ ላይ ነው። በ2021 የሰፋው የመንግሥት ድጎማ በሕጉ መሠረት ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ያበቃል። ስለዚህ በ2025 በወር 30 ዶላር ሲከፍሉበት የነበረው ፕላን በዚያው ስም፣ በሌላ ዋጋ ይመጣል። ሲስተሙ ያለፈውን ዓመት ፕላን ራሱ እንዲያድስልዎ መተው በሌላ ዓመት ስንፍና ቢባል ነው፤ ለ2026 ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ኩባንያውም ራሱ ላይኖር ይችላል፦ ኤትና ለምሳሌ ከ2026 ጀምሮ ከግለሰብ ገበያው ይወጣል።

መመዘኛዎቹ

*አንደኛ፣ ገቢዎ ከድህነት መስመሩ ስንት እጥፍ ነው?* ከሁሉ በፊት ይህን ያስሉ። ለ2026 ሽፋን የሚሠራበት መስመር ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር፣ ለሁለት 21,150፣ ለአራት 32,150 ነው። ከመስመሩ 138 በመቶ በታች፣ ማለትም ለአንድ ሰው ወደ 21,600 ዶላር ከሆነ፣ አብዛኞቹ ግዛቶች ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ይሰጣሉ። እስከ 250 በመቶ፣ 39,125 ዶላር ድረስ ሲልቨር ላይ ብቻ የሚገኝ ተጨማሪ ቅናሽ አለ። እስከ 400 በመቶ፣ 62,600 ዶላር ድረስ ወርሃዊ ክፍያውን የሚቀንስ ድጎማ ይገኛል። ከዚያ አንድ ዶላር ቢያልፍ ግን የፌዴራል ድጎማው በሙሉ ይቀራል።

የሚቆጠረው ገቢ የ2026 ግምት ነው እንጂ ያለፈው ዓመት አይደለም። በራሱ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚያስገባው ከወጪ የተረፈውን ነው። ብዙ ሹፌር እዚህ ላይ ይሳሳታል። 1099 በሚባለው የዓመት ገቢ ቅጽ ላይ 80,000 ዶላር ቢጻፍም ኩባንያው የቆረጠው 18,000 ከሆነ፣ የተነዳው 40,000 ማይል ደግሞ በ2025 ተመን በ70 ሳንቲም ሲባዛ 28,000 ከሆነ፣ የሚተርፈው 34,000 ነው። በራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ግማሽ ሲነሳ ወደ 31,600 ይወርዳል። 80,000 ብሎ የሞላ ምንም ድጎማ አያገኝም፤ 31,600 ብሎ የሞላ ግን ጥሩ ሲልቨር ያገኛል። ሁለቱ ያው አንድ ሰው ናቸው።

አሳንሶ መገመት ደግሞ የ2026ን ያህል አደገኛ ሆኖ አያውቅም። ቀድሞ ድጎማ በዝቶ የተሰጠው ሰው ታክስ ሲያሠራ የሚመልሰው ጣሪያ ነበረው። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ጣሪያው ተነስቷል፤ ትርፉ በሙሉ ይመለሳል። ገቢዎ በዓመቱ መሀል ከጨመረ ያኔውኑ ገብተው ያስተካክሉ።

*ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ።* ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሜዲኬይድ በብዙ ግዛት አምስት ዓመት ቢጠብቅም ከማርኬትፕሌስ ግን ከመጀመሪያው ቀን መግዛት ይችላል። በቅርብ በዲቪ የመጣ ልብ ይበል፦ እስከ 2025 ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች የሆነ አዲስ መጪም ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ጥገኝነት ያገኙ፣ ስደተኞችና በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያሉ በ2026 ድጎማው አላቸው፤ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ያስቀራቸዋል። ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚችል ሰው ነገ ዛሬ ባይል ጥሩ ነው።

*ሦስተኛ፣ የዓመቱ ሙሉ ወጪ።* ወርሃዊ ክፍያው ከዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚያወጡት ዲዳክቲብል አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚካፈሉት ድርሻ አለ፤ ከዚያ በላይ የማይሄዱበት የዓመት ጣሪያም አለ። በ2026 ይህ ጣሪያ ለአንድ ሰው ከ10,600፣ ለቤተሰብ ከ21,200 ዶላር መብለጥ አይችልም። ኢንሹራንስን እንደ እቁብ የሚያይ ሰው «ዓመቱን ሙሉ ከፍዬ ምንም አላነሳሁም» ብሎ ይናደዳል። ነገሩ እድር ነው፤ የከፈሉትን ሳያነሱ መኖር ነው ደስ የሚለው።

*አራተኛ፣ ሐኪምዎና መድኃኒትዎ።* ኤችኤምኦ የሚባለው የፕላን ዓይነት ከኔትወርኩ (ከኩባንያው ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች) ውጭ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር አይከፍልም፤ ኢፒኦም እንዲሁ። ፒፒኦ ከኔትወርክ ውጭ ይከፍላል፣ ግን ዋጋው ይወደዳል። ክሊኒክ ደውለው «ይህን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ?» ማለት አይበቃም፤ አንድ ኩባንያ ብዙ ኔትወርክ አለው። የፕላኑን ሙሉ ስም ከነዓመቱ ያንብቡላቸው። መድኃኒቱን ደግሞ ከብልቃጡ ላይ ከነሚሊግራሙ ቀድተው የፕላኑ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን በጄኔሪክ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ አዳዲሶቹ መርፌዎች ላይ ነው ፕላን ከፕላን የሚለያየው።

አገር ቤት ሁለት ሦስት ወር የሚቆዩ ከሆነ፣ እነዚህ ፕላኖች በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ አይሠሩም። ለጉዞው የጉዞ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ሜዲኬይድና የግዛት ፕላኖች። የሚገባዎት ከሆነ ሌላውን ማንበብ አያስፈልግም። ወርሃዊ ክፍያ ወይ የለም ወይ ትንሽ ነው፤ ምዝገባውም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ እስከ 200 በመቶ ገቢ ላለው ሚኒሶታኬር አለ። ቴክሳስና ጆርጂያ ግን ሜዲኬይድን ለሁሉም ዝቅተኛ ገቢ አዋቂ አላሰፉም፤ እዚያ ከ100 እስከ 138 በመቶ ያለ ሰው ወደ ማርኬትፕሌስ ሄዶ ምርጡን ሲልቨር ይውሰድ።

ብሮንዝ። በአማካይ ከሕክምና ወጪው 60 በመቶውን ይሸፍናል። ወርሃዊው ርካሽ፣ አንዳንዴም ዜሮ ነው፤ ዲዳክቲብሉ ግን ከባድ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ተወስጄበታለሁ፦ በወር 18 ዶላር የሚለውን ዓይቼ ሌላውን ሳልከፍት ፈረምኩ። ኦገስት ላይ የኩላሊት ጠጠር ሌሊት ኢመርጀንሲ አደረሰኝ፤ የመጣው ቢል 6,200 ዶላር፣ ዲዳክቲብሌ 7,000። ኢንሹራንሱ ሳንቲም አልከፈለም፤ ሕጉም ያው ነበር። ያናደደኝ በኋላ የደረስኩበት ነው፤ በገቢዬ የሚገባኝ ሲልቨር ዲዳክቲብሉ 500 ነበር።

ብሮንዝ ግን ለሁሉም መጥፎ አይደለም። ከ2026 ጀምሮ በማርኬትፕሌስ ያሉ ብሮንዞች በሙሉ ከኤችኤስኤ (ለሕክምና ከሚሆን የቁጠባ ሒሳብ) ጋር ይሄዳሉ፤ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ከታክስ ነፃ ማስቀመጥ ይቻላል። ገቢው ከፍ ላለና ቁጠባ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓመት ምርመራ፣ ክትባትና የጡት ካንሰር ምርመራን የመሳሰሉ የመከላከል አገልግሎቶች ደግሞ በኔትወርክ ውስጥ እስከሆኑ ድረስ በብሮንዝም ነፃ ናቸው።

ሲልቨር። በስሙ 70 በመቶ ይሸፍናል፤ ስሙ ግን ያታልላል። ገቢዎ ከ150 በመቶ በታች ከሆነ ያው ሲልቨር 94 በመቶ፣ ከ150 እስከ 200 ከሆነ 87 በመቶ፣ ከ200 እስከ 250 ከሆነ 73 በመቶ ይሸፍናል። 94 የሚሸፍን ሲልቨር ከፕላቲነም ይበልጣል፤ ፕላቲነም 90 ነው። ይህ ቅናሽ ብሮንዝም ሆነ ጎልድ ላይ የለም፤ ብሮንዝ የወሰደ ሰው እጁ ላይ የነበረውን ጥሏል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ቨርጂኒያ የምትኖር፣ ዓመት 29,000 ዶላር የምታገኝ የሆም ኬር ሠራተኛ እንበል። ገቢዋ 185 በመቶ ገደማ ነው። በ2026 ሠንጠረዥ ለመነሻ ሲልቨር (ድጎማው ለሚሰላበት ሁለተኛው ርካሽ ሲልቨር) ከእሷ የሚጠበቀው በወር ወደ 142 ዶላር ነው። ብሮንዙን በ45 ዶላር አገኘች ብለን እናስብ፤ ዲዳክቲብሉ 7,500፣ ጣሪያው 10,600። የሲልቨሩ ዲዳክቲብል 900 ይሁን፤ ጣሪያው በእሷ ገቢ ከ3,500 አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ ካልታመመች ብሮንዙ 540፣ ሲልቨሩ 1,704 ዶላር ያስወጣታል። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ገጥሟት የሆስፒታሉ ሒሳብ 25,000 ከሆነ ግን ብሮንዙ ጣሪያው ድረስ ወስዷት ከነወርሃዊው 11,140 ትከፍላለች፤ በሲልቨሩ 5,204። 1,164 ዶላር ለማትረፍ ወደ 6,000 ዶላር ማስያዝ ነው ነገሩ። 11,000 ዶላር ማለት ለእሷ ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ደመወዝ ነው።

ከ250 በመቶ በላይ ላለ ሰው ግን ሲልቨር ውበቱን ያጣል። ቅናሹ የለም፤ ዋጋው ግን ቅናሹን የሚያካክስ ጭማሪ ተጭኖበታል።

ጎልድ። 80 በመቶ። እዚህ ላይ ነው ሰው የማያምነው፦ ቴክሳስና ሜሪላንድ ውስጥ ጎልድ ከሲልቨር የሚረክስበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ አሁን ያልኩት ጭማሪ ነው። ከ250 በመቶ በላይ ገቢ ካለዎትና በወር በወሩ ሐኪም የሚያዩ ከሆነ ወይም እርግዝና ከታሰበ መጀመሪያ ጎልዱን ይክፈቱ። ፕላቲነም በብዙ ቦታ አይገኝም፤ ሲገኝም ይወደዳል።

ካታስትሮፊክ። ለከባድ ሕመምና አደጋ የታሰበ ፕላን ነው፦ ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ወይም የችግር ፈቃድ ለተሰጠው። ድጎማ አይሠራበትም። ድጎማ የሚያገኝ ወጣት ብሮንዝ ወይም ሲልቨር በርካሽ ስለሚያገኝ እዚህ የሚገባ ጥቂት ነው።

ከማርኬትፕሌስ ውጭ የሚሸጡት። በስልክ «በወር 89 ዶላር፣ ሁሉን ይሸፍናል» የሚሉት በአብዛኛው አጭር ጊዜ ፕላን ወይም የወጪ መጋራት ማኅበር ናቸው። አጭር ጊዜ ፕላን የስኳር ሕመምተኛን አልቀበልም ማለት፣ እርግዝናን መተው፣ የሚከፍለውን መገደብ ይችላል። በሃይማኖት ስም የሚመጡት የመጋራት ማኅበራት ደግሞ እንደ እድር ይመስላሉ፤ ሕጋዊ ኢንሹራንስ ግን አይደሉም፣ ለመክፈልም ግዴታ የለባቸውም። እድርተኛ ካልከፈለ ቢያንስ ቤቱን ያውቁታል።

ምንም ሳይገቡ መቅረት። የፌዴራሉ ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ነው። ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ግን የራሳቸውን ያስከፍላሉ። ሥራዎ ሜሪላንድ ሆኖ ዲሲ የሚኖሩ ከሆነ የሚቆጠረው መኖሪያዎ ነው።

| አማራጭ | ወርሃዊ ክፍያ | ሲታመሙ ከኪስ የሚወጣው | ነባር ሕመም | ለማን ይስማማል |
|---|---|---|---|---|
| ሜዲኬይድ | የለም ወይም ትንሽ | በጣም ጥቂት | ይሸፍናል | ከ138 በመቶ በታች |
| ብሮንዝ | ዝቅተኛ | እስከ 10,600 ዶላር | ይሸፍናል | ቁጠባ ያለው፣ ኤችኤስኤ የሚፈልግ |
| ሲልቨር ከቅናሽ ጋር | መካከለኛ | እስከ 200 በመቶ ገቢ ከ3,500 አያልፍም | ይሸፍናል | ከ250፣ በተለይ ከ200 በመቶ በታች |
| ሲልቨር ያለ ቅናሽ | ከፍ ያለ | ከጎልድ ይበልጣል | ይሸፍናል | ለጥቂት ሰው |
| ጎልድ | ከፍተኛ፣ አንዳንዴ ከሲልቨር በታች | መጠነኛ | ይሸፍናል | ከ250 በመቶ በላይ፣ ሐኪም የሚያዘወትር |
| ካታስትሮፊክ | ዝቅተኛ፣ ያለ ድጎማ | እስከ 10,600 ዶላር | ይሸፍናል | ከ30 ዓመት በታች፣ ድጎማ የሌለው |
| አጭር ጊዜ ፕላን | ዝቅተኛ | ገደብ የለውም | ሊከለክል ይችላል | ሌላ በር ሁሉ ሲዘጋ |

በየሁኔታው ምን ይመረጥ?

ሹፌሩ፣ በ31,600 ዶላር፣ ከ200 በመቶ በ300 ዶላር ብቻ ነው ያለፈው። ትራዲሽናል አይአርኤ (ከታክስ በፊት የሚቀመጥ የጡረታ ቁጠባ) ውስጥ 400 ወይም 500 ዶላር ቢያስቀምጥ ከ31,300 በታች ይወርዳል፤ ሲልቨሩ ከ73 ወደ 87 ያድጋል። ታክስ የሚሠራለት ሰው ይህን ሳይነግረው ከቀረ ሌላ ይፈልግ።

እንጀራ የሚጋግሩ፣ 60 እና 62 ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት ደግሞ በዓመት 85,000 ዶላር ያገኛሉ እንበል። ለሁለት ሰው 400 በመቶው 84,600 ነው፤ በ400 ዶላር ድጎማውን በሙሉ ያጣሉ። በዚህ ዕድሜ ሙሉ ዋጋው ለሁለቱ በወር ከ1,500 ዶላር በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። ከመስመሩ በታች ቢሆኑ ለመነሻ ሲልቨር የሚጠበቅባቸው ወደ 700 ዶላር ነው። ብሮንዝ ወስደው ኤችኤስኤ ውስጥ ጥቂት ሺህ ቢያስቀምጡ ያ ገንዘብ ከገቢያቸው ይቀነሳል፣ ከመስመሩም በታች ይመለሳሉ። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ለጥርስም ለመነጽርም ያወጡታል።

ልጆቻቸው በግሪን ካርድ ያመጧቸው አባትና እናት ከ65 በላይ ቢሆኑም ሜዲኬርን (የአረጋውያንን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ገንዘብ ከፍለው ለመግባት እንኳ አምስት ዓመት ይጠብቃሉ። እስከዚያ ማርኬትፕሌስ ይቀበላቸዋል። ልጃቸው በታክስ ላይ ጥገኛ ብሎ ከያዛቸው የሚቆጠረው የልጁ ቤተሰብ ገቢ ነው፤ ይህን ሳያስቡ ለብቻ የሚያስመዘግቡ አሉ።

ሥራ ላይ ኢንሹራንስ ቀርቦልዎ «ውድ ነው» ብለው የተዉ ከሆነ ለራስዎ የተጠየቁት ከቤተሰብ ገቢ 9.96 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ማርኬትፕሌስ ላይ ድጎማ አያገኙም።

የምዝገባው ዕለት

ሶሻል፣ ግሪን ካርድ ወይም የሥራ ፈቃድ፣ ያለፈው ዓመት ታክስ፣ የቅርብ ጊዜ ፔይስተብና የመድኃኒት ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። እንግሊዝኛው ከከበደ ማርኬትፕሌሱ ጋ ደውለው «አማርኛ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል። ናቪጌተር የሚባሉት ረዳቶችም አያስከፍሉም። ብሮከር ኮሚሽኑን ከኩባንያው ስለሚያገኝ እርስዎን ገንዘብ ከጠየቀ አይሆንም ይበሉ፤ ፓስዎርድዎንም ለማንም አይስጡ። ሳይጠየቁ ፕላናቸው ተቀይሮ ያገኙት ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ፕላኑን መረጡ ማለት ኢንሹራንስ ገባዎት ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ወር ሲከፈል ነው የሚጀምረው። ክፍያው በአብዛኛው የሚፈጸመው በኩባንያው በኩል ስለሆነ ኢሜይሉን ከስፓም ውስጥ ሳይቀር ይፈልጉት፤ የከፈሉበትን ደረሰኝም ካርዱ በፖስታ እስኪደርስ ስልክዎ ላይ ይያዙት።